ሳይሰምር የገባ ስለት

እትዬ የሺ ሞቱ ሲባል መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ነፍስ ይማር" አልነበረም። "ያየ ሰው አለ?" ነበር ያልኩት። የደወሉልኝ አያ ሰይድ፣ "እኔው አይቻለሁ። ዓይኗን የከደነቻት ዘሀራ ናት። አሁንስ በቃህ?" አሉኝ። ዘሀራ ባለቤታቸው ናቸው፤ ከእትዬ የሺ ጋር በአንድ አጥር ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩ። በቃኝ። ያየ ካለ ማመን ግድ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ሟቿ ራሳቸው ናቸው።

ስልኩ ሲደወል አቀስታ ነበርኩ፤ ጋቢ ደርቤ የተማሪ ፈተና እያረምኩ። ቀዩን እስክሪብቶ ከድኜ ተነሳሁ። በማግስቱ ማለዳ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ወደ መካነ ሰላም ወረድኩ። ሰው ወደ ለቅሶ ሲሄድ ሟችን እያሰበ ያለቅሳል። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ከእትዬ የሺ ጋር ስከራከር ነው የሄድኩት። ብዙ የቆየ ክርክር ነበረብን፤ ሳይጨርሱልኝ መሄዳቸው አናደደኝ።

መካነ ሰላም አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። እትዬ የሺ የዚያ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛና ደወል ደዋይ ነበሩ። ደወሉ አሮጌ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ ከግቢው መሀል ካለው ጥድ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። አጭር ሴት ስለነበሩ ቸርኬውን ለመምታት በእግራቸው ጣት ይቆማሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ያስራሉ፤ በጋም ክረምትም የላስቲክ ጫማቸውን አይለውጡም። አንድ ልማድ ነበራቸው። ስለ እግዜር የተነሳ እንደሆነ፣ በተረከዛቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጉና "እሱ ቃሉን አይበላም" ይላሉ። ወለሉ ይችለኝ እንደሆነ ልሞክር የሚል ሰው ነበር የሚመስሉት። አዲስ አስተማሪ ሆኜ ስመጣ በዚህ ስቄባቸዋለሁ። እሳቸውም አይተውኝ፣ "ሳቅ፣ ሳቅ። አንተ የቆምክበትን የምታየው ስትወድቅ ነው" አሉኝ።

ሰዓት አልነበራቸውም። ስልክ ቢኖራቸውም ለደወል አያዩትም። ይሁንና በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያዛነፉበትን ቀን አላስታውስም። የከተማው ዳር ሰው ሁሉ በዚያ ቸርኬ ነበር የሚኖረው። ከግቢው ማዶ የሚያርሱት በእሱ በሬ ይፈታሉ፤ አሮጊቶች በእሱ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ። አያ ሰይድ እንኳ፣ ሙአዚኑ ጉንፋን የያዘው እንደሆነ፣ "የየሺ ቸርኬ አለ አይደል" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አንድ ጊዜ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ርእሰ መምህሩ ግቢውን አስጠርጎ፣ ተማሪውን አሰልፎ ቢጠብቅ እንግዶቹ ቀሩ። ትምህርት ተጀመረ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሳለን መኪናቸው ከች አለ። ርእሰ መምህሩ እየሮጠ መጥቶ፣ "እትዬ የሺ፣ ቶሎ የጠዋቱን ደወል ይደውሉልኝ፤ ገና የሚሰለፉ ይምሰል" አላቸው።

"የጠዋቱ አልፏል" አሉት።

"ትእዛዝ ነው እኮ።"

"የኔ ጌታ፣ ይህን ደወል ሰምቶ የሚነሳ ሰው አለ፤ ሰምቶ የሚተኛም አለ። ዛሬ በውሸት ከደወልኩ ነገ በእውነት ስደውል ማን ያምነኛል? እኔ የውሸት ደወል አልደውልም።"

ርእሰ መምህሩ መምቻ ብረቱን ነጥቆ ራሱ ደወለ። ማዶ የሚያርሰው ገበሬ የምሳ መስሎት በሬዎቹን ፈታ፤ ሚስቱ ገና እሳት አላነደደችም ኖሮ በባልና ሚስት መሀል የተነሳው ጠብ እስከ ማታ አልበረደም። እትዬ የሺ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። አላነበቡትም፤ እኔን አስነበቡኝ። ሰምተው ሲያበቁ ቤታቸው ወስደው ከሚካኤል ሥዕል ሥር ሰቀሉት። "እግዜርም ይየው፤ ስለሱ የተጻፈ ነው" አሉኝ። ደወልና እግዜር ምን እንደሚያገናኛቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሀብታሙ። ባላቸው ሀብታሙ ገና ጡት ሳይጥል ሞተውባቸዋል። እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሒሳብ ጠመኔዬን ሳላስቀምጥ ሠርቶ የሚጨርስ። "ተማር፣ ትምህርት አይከዳህም" እያልኩ የገፋሁት እኔ ነኝ። ተማረ፤ በምህንድስና ተመረቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመ። ትምህርት አይከዳም ያልኩት እኔ፣ ገበያ ላይ ሳገኘው ዓይኑን ማየት ፈራሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት እናቱን ስሞ፣ "ደርሼ እደውላለሁ" ብሎ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሄደ።

እትዬ የሺ ለሚካኤል ተሳሉ። "ልጄን ብትመልስልኝ ጥላ አስገባለሁ፤ ደጅህ የመጣውን ሁሉ ዳቦ አበላለሁ" አሉ። ይህ በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ጥላው ነው። ሰው ስለቱ ሲሰምር ነው ጥላ የሚገዛ፤ እሳቸው ግን በሚኒባስ ሹፌር ልከው ከደሴ አስመጡት። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ። በፌስታል ጠቅልለው ከቤታቸው ማገር ላይ አንጠለጠሉት። "ምነው ተጣደፉ?" ብላቸው፣ "እንግዳ ሲመጣ ነው እንዴ ቤት የሚጠረገው?" አሉኝ።

ሀብታሙ አልደወለም። አንድ ወር ሆነ፤ ሁለት ወር ሆነ።

በሦስተኛው ወር ከከላላ ገበያ የተመለሰ ሰው ወሬ ይዞ መጣ። ጀልባ ሰጥሟል፤ የመካነ ሰላም ልጆች ነበሩበት፤ ሀብታሙም አንዱ ነው። የቅሬያችን ሰዎች ተሰበሰቡ። እድር የሚባለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ የተደራጀበት ነው፤ ዳኛው ደግሞ አያ ሰይድ ናቸው። መርዶ ነጋሪ ተመረጠ፦ የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ አባ ገብሬ፣ አያ ሰይድ፣ እኔ። እኔ የተመረጥኩት የሀብታሙ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ያለ ማስረጃ አያምንም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ወሬ ሰምተን እንሮጣለን።

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ ሐዘን የወደቀበት ሰው ሳያውቅ ስቆ እንዳይውል። እኛ ሦስታችን ወደ ደጃቸው ስንቀርብ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ከአጥሩ ጀርባ ይጠብቁ ነበር። እትዬ የሺ ወደ ሥራ ሊወጡ መጥረጊያቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"እንደምን አደራችሁ። ምነው በጠዋቱ? ማን ሞተ?"

አባ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሺ፣ ልጄ፣ እግዜር የሰጠውን ሲነሳ…"

"አባ፣ ዙሪያውን አይዙሩብኝ።"

"ሀብታሙን ባሕር በላው።"

ይወድቃሉ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልወደቁም። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፉ።

"ማን ነገረዎ?"

"ከከላላ ገበያ የመጣ ሰው።"

"ለሱስ ማን ነገረው?"

"ጅቡቲ ያለ ዘመዱ ደውሎለት ነው።"

"ዘመድየውስ አየ?"

አባ ገብሬ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ አያ ሰይድ ዞርኩ። አያ ሰይድ ጢማቸውን ያዙ።

"ያየ ሰው አለ ወይ ነው የምላችሁ!"

"ይባላል እንጂ…" አልኩ እኔ። ይህቺን ቃል ከአፌ ባላወጣት ኖሮ።

"ይባላል!" አሉ፤ ድምፃቸው አጥር ተሻገረ። "ይባላል ብላችሁ ነው ልጄን የምትቀብሩት? አንተ አስተማሪው፣ ተማሪ 'ይባላል' ብሎ ቢጽፍልህ ማርክ ትሰጠዋለህ?"

ከአጥሩ ጀርባ ያሉት ሴቶች ጩኸቱን ሲሰሙ መርዶው የተነገረ መሰላቸው። ዋይታው ቀለጠ። ወንዶቹም ገቡ። ቅሬያችን በድንኳን ተከላ ቀልድ አያውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍት ካስማው ተመትቶ፣ ገመዱ ተወጥሮ፣ ሸራው ከደጃቸው ቆሟል።

"ዝም በሉ!" አሉ እትዬ የሺ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "ደወል ደርሷል። ደውዬ መጣሁ፤ ማንም ከዚህ እንዳይነቃነቅ።"

ጥለውን ሄዱ። መቶ የሚሆን ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ያለቅስ እንደሆነ ሳያውቅ፣ ያቺን ሴት ጠበቀ። ቸርኬው ተመታ፤ በሰዓቱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ሲመለሱ አያ ሰይድ ተነሱ። "የሺ፣ እኛ አጥፍተናል፤ አውፍ በይን። ግን የተተከለ የለቅሶ ድንኳን እንባ ሳይፈስበት ከፈረሰ ገዱ ክፉ ነው። ሰዉ ይፈራል። ትንሽ እንኳ አልቅሽና እናንሳው።"

"አያ ሰይድ፣ ማን ይፍረስ አለህ?"

ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ያን ጥላ ይዘዋል። ፌስታሉን ቀደዱትና ድንኳኑ መሀል ቆመው ዘረጉት። ከዚያ እልል አሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ለቀስተኛው ክው አለ። አጠገቤ ያለች ሴት "አበደች፣ እናቴን አበደች" ስትል ሰማሁ።

"ስለቴን ዛሬ አገባለሁ" አሉ። "ድንኳን አለ፣ ሰው አለ። ዱቄቱንም ይዛችሁልኝ መጥታችኋል። ዳቦ ይጋገር!"

"አጀብ ነው!" አሉ አያ ሰይድ። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ከራሳቸው ቀፎ የተቆረጠ ማር አስመጥተው ብርዝ አስበጠበጡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠጣው ነው። ለለቅሶ የመጣ ዱቄት ከሰዓት ላይ ድፎ ዳቦ ሆነ። ሰዉ መጀመሪያ እየፈራ፣ ኋላ እየጣመው በላ። እኔም በላሁ። በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያለቅስ እንደሌለ ሁሉ የሚስቅም አልነበረም፤ ከእሳቸው በቀር።

ከዚያ ጥላውን ይዘው ሚካኤል ሄዱ። አባ ገብሬ በሩ ላይ ቀደሟቸው።

"የሺ፣ ስለት ሲሰምር ነው የሚገባ። ሳይሰምር የገባ ስለት አይቼ አላውቅም።"

"እንግዲያ ዛሬ ይዩ።"

"ልጅሽ ባይመለስስ?"

እትዬ የሺ በተረከዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "አባ፣ ልጄን ልገዛበት ነው እንዴ ጥላውን የማስገባው? ልጄ ሲመጣ ባመሰግን ምስጋናው ለልጄ ነው። እሱ ግን ልጄ ቢመጣም ቢቀርም ያው እሱ ነው። በልጅነቴ አባቴ ሲሞት ነበር፤ ባሌ ሲሞት ነበር፤ ዛሬም አለ። እኔ አንዳንዴ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልረሳኝም። ይህን ለማመስገን ምን እስኪሰምር ነው የምጠብቀው?"

አባ ገብሬ ከበሩ ዘወር አሉ። አፈር ይብላኝና፣ ያን ጊዜ ያዘንኩት ለአባ ነው። ጥላው ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ይቻላል። አገር አወራ። "ልቧ ድንጋይ ነው" ያለ አለ፤ "ሐዘንን ንቃ ሐዘን ይፈልጋታል" ያለም አለ። ወፍጮ ቤት ተራ ሲይዙ ወሬ ይቋረጣል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ አጠገብ እንዳይቀመጡ ዘወር ያደርጓቸዋል። አንዷ ደፍራ፣ "እትዬ የሺ፣ ስለቱስ እንዴት ሆነ? ሰመረ?" ብትላቸው፣ "የኔ ገባ። የሚሰምረውን እሱ ያውቃል" ብለው ቸርኬያቸውን ሊመቱ ሄዱ። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔ በልቤ ቆጠራ ይዤ ነበር፤ ሀብታሙ አንድ ቀን በር ገፍቶ ቢገባና ያን ሁሉ ወሬኛ አፉን ባስይዝ እያልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከእሳቸው ይልቅ ተስፋ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከእረፍት በኋላ አንድ ጎልማሳ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሀብታሙን እናት ጠየቀ። የአቀስታ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ያከሰለው፣ ልብሱ የሰፋው። ጥዱ ሥር ወዳሉት እትዬ የሺ ወሰድኩት። ቁጭ በል ቢሉት አልቀመጥም አለ። ከኪሱ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣ፤ ሲፈታው ማተብ ነው። ጥቁር ክር፣ ከትንሽ የእንጨት መስቀል ጋር።

"አንተ አየኸው?" አሉት።

"አየሁት፣ እማማ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ጀልባው እውነትም ሰጥሟል። ሀብታሙ ግን ዋኝቶ ወጥቷል፤ ይህን ልጅም ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። የመን ውስጥ፣ ስልክ በሌለበት በረሃ፣ ሰው እርሻ ላይ አብረው ሠሩ። ስምንት ወር ቆይቶ ንዳድ ያዘው፤ መድኃኒት አልነበረም። ሊሞት ሲል ማተቡን በጥሶ ሰጠው። "ለእናቴ ስጥልኝ፤ ያየኸውን ንገራት፤ ያላየኸውን እንዳትጨምር" ብሎታል። የእናቱ ልጅ!

እትዬ የሺ ማተቡን ተቀበሉ፤ አገላበጡት። ከዚያ ቸርኬው ሥር ተንበርክከው፣ "ያየ መጣ" አሉና ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ተማሪው ሁሉ ከየክፍሉ ወጣ። ያ ለሁለት ዓመት ያልፈሰሰ እንባ በአንድ ቀን ፈሰሰ። ድንኳኑ እንደገና ተተከለ፤ በዚህኛው ደረታቸውን ደቁ፣ ፊታቸውን ነጩ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ጠንካራ ናት እያለ የሚያወራ ሰው መጥቶ ይይ።

እኔ ደግሞ ሒሳቤን ሠራሁ። ያ የስለት ዳቦ በተበላበት ቀን ሀብታሙ በሕይወት ነበር። እናቱ ድንኳን ውስጥ እልል ሲሉ እሱ ባሕር ማዶ ቆሞ ነበር። ይህን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ሲገባ በንዴት አበድኩ።

ሰው በተበተነ በሦስተኛው ቀን ሄድኩባቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ለማጽናናት መጥቼ ጠብ ጀመርኩ።

"እትዬ የሺ፣ ይህ ምን ዓይነት ታማኝነት ነው? ከባሕር አውጥቶ በበረሃ መግደል! ጥላዎን ተቀበለ፣ ዳቦዎን ተቀበለ፣ ከዚያ ካደዎት። 'ቃሉን አይበላም' ሲሉ ኖሩ፤ ይኸው በላ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው አብጦ ጠቧል፤ ግን ያው ዓይን ነው።

"የቱን ቃል?" አሉኝ።

"እንዴት የቱን ቃል?"

"የቱን ቃል በላ? 'ልጅሽን እመልሳለሁ' ብሎኝ ነበር? መልስልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የኔን ልመና የሱ ቃል አድርጌ ልክሰሰው? እሱ ያለኝ 'አልተውሽም' ነው። ይኸው አልተወኝም። ትቶኝ ቢሆን ዛሬ ጠዋት ማን አስነሳኝ? አንተ ነህ?"

"ልጅዎት ሞቷል እኮ!"

"ይህን ለኔ ትነግረኛለህ?" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "አዝኛለሁ። ተቆጥቻለሁም። ትላንት ሚካኤል ደጅ ቆሜ ጮኼበታለሁ፤ አባ ገብሬን ጠይቅ። ግን ልክሰሰው ብል የምከስበት ዳኛም እሱ ነው። ከሱ ሸሽቼ ወደማን አቤት ልበል? ወዳንተ?" ተረከዛቸውን አነሱና መሬቱን መታ አደረጉት፤ ቀስ ብለው፣ እንደደከመ ሰው። "ልጄ ሄደ። ባሌ ሄደ። የቆምኩበት ግን አልሄደም። እሱ ቢሄድማ እኔም የለሁ።"

አልተቀበልኩትም። ይህን የምጽፈው አምኜ እንደወጣሁ ለማስመሰል አይደለም። "እግዜርን እርስዎ ጠበቃ ሆኑለት እንጂ እሱ ለእርስዎ አልሆነም" ብዬ ወጣሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን በር አልረገጥኩም። እሑድ ሌላው ሲያስቀድስ እኔ ልብስ አጥባለሁ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ዝውውር ጠየቅሁና ወደ አቀስታ ሄድኩ። ሰው ለኑሮ መሰለው። እኔ ግን የሸሸሁት ያን ቸርኬ ነው፤ በሰዓቱ በተመታ ቁጥር የሚከራከረኝ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የሺ አልተዉኝም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ ይደውላሉ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ "ታደሰ፣ ገባህ?" ይሉኛል።

"አልገባሁም።"

"ምነው?"

"ጥያቄዬ አልተመለሰማ።"

"ጥያቄህን ይዘህ ግባ። ደጅ ቆመህ ማን ይመልስልሃል?"

"አልገባም፣ እትዬ የሺ።"

"አብሽር፤ ትገባለህ" ይሉና ይዘጉታል። በየወሩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ተናድጄ ስልኩን አላነሳሁም። በማግስቱ በሚኒባስ ሹፌር አንድ ፌስታል በሶ ላኩልኝ፤ ከውስጡ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነበር። "ገባህ?" ይላል።

መካነ ሰላም ደርሼ ከሚኒባሱ ስወርድ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማሁ። ሰዓቴን አየሁ። አሥር ደቂቃ ዘግይቷል። መሞታቸውን በውኑ ያመንኩት ያኔ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው። አያ ሰይድ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል። እጄን ይዘው፣ "ወላሂ፣ እንደሷ ያለ ሰው ሁለተኛ አላይም" አሉ። ሬሳው ሲነሳ ቅሬው በተራ ተሸከመ። እኔም ድርሻዬን ተሸከምኩ፤ ቀላል ነበሩ። ሚካኤል ቅጥር ስንደርስ ተሸካሚ ተለወጠ፤ እኔ ዳር ያዝኩ። አያ ሰይድና ሌሎቹ እስላሞች ከሚቆሙበት ከግንቡ ሥር አብሬ ቆምኩ። እነሱ የሚቆሙበት ምክንያት አላቸው። የኔን ምክንያት ማንም አልጠየቀኝም።

አባ ገብሬ ሬሳውን በሩ ላይ አስቆሙት። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ እኔ መጡ፤ ከኋላቸው ዲያቆን ጥላ ይዟል። ቀዩ ጥላ አይደለም። ሰማያዊ ነው፣ ዘርፉ ያልተነካ፣ ተዘርግቶ የማያውቅ።

"ያዝ" አሉኝ።

"ምንድን ነው?"

"ስለት ነው። ያንተ።"

"እኔ የተሳልኩት ነገር የለም፣ አባ።"

"የሺ ናት ያስገባችው፤ አንተ ወደ አቀስታ በሄድክ ሳምንት። 'ታደሰ በዚህ በር የገባ ቀን ይይዘዋል፤ ምስጋናዬን ግን ዛሬውኑ ተቀበሉኝ' አለች። እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ 'ሲሰምር ይግባ' አልኳት።" ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "ምን እንዳለችኝ ታውቀዋለህ።"

አወቅሁት። መሬቱን መታ መታ አድርገው ይሆናል።

ሰዉ ዞሮ ያየኛል። ሬሳው ይጠብቃል። አልይዝም ማለት እችል ነበር። ጥያቄዬ አልተመለሰም፤ ሀብታሙ አሁንም በማላውቀው አሸዋ ውስጥ ነው፤ ሒሳቡ አሁንም አይገጥምልኝም። ግን እዚያ ቃሬዛ ላይ የተኙት ሴት በዕድሜያቸው አንድ የውሸት ደወል ደውለው አያውቁም። "ትገባለህ" ብለዋል፤ እግዜርን ተማምነው፣ እስክገባ ሳይጠብቁ። ምስጋናውን ከፍለው ሄደዋል። ከዚያ በር ብመለስ የሳቸውን ደወል የውሸት የማደርገው እኔ ነኝ። ይህን አልችልም። "እኔን ብለህ ገባህ?" ሲሉኝ ይሰማኛል። "ይሁን፤ ግባ። የቀረውን እሱ ያውቃል።"

"ግባ እንግዲህ" አሉ አያ ሰይድ፣ ጀርባዬን ገፋ አድርገው። "ፀሐይ እየመታት ነው።"

ጥላውን ተቀበልኩ። በተረከዜ መሬቱን መታ አደረግሁት። ከዚያ ዘረጋሁና፣ ከእትዬ የሺ ራስ በላይ ይዤ፣ አብሬያቸው ገባሁ።